አጎቴ በእጁ የጻፈው ኑዛዜ ሜሪላንድ ውስጥ ይሠራል? የምታውቁ እርዱኝ

ጨነቀኝ_ከሲልቨር

ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖር ነበር፣ በቅርቡ አርፏል። አስከሬኑን አገር ቤት ልከን ቀበርን፣ አርባውን እንኳ ገና አላወጣንም። ቤቱ፣ ባንኩ፣ በፖስታ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ግን እኔ ላይ ወድቋል። ከሚስቱ ጋር ከተፋታ ቆይቷል፣ ልጅ አልወለደም። አባቴ ታላቅ ወንድሙ ነበር፣ እሱም በሕይወት የለም። ያሉት ሁለት እህቶቹ ናቸው፣ አንዷ ሲያትል አንዷ አዲስ አበባ። ከዛ እኔና እህቴ።

ቤቱ በሱ ስም ብቻ ነው። 480,000 ዶላር ያወጣል ይላሉ፣ ሞርጌጁ (የቤቱ የባንክ ብድር) 180,000 ገደማ ይቀረዋል። ባንክ ውስጥ ትንሽ ብር አለ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደግሞ 401ኬ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ። እና መዝሙረ ዳዊቱ ውስጥ በእጁ የጻፈው ኑዛዜ አገኘን። አንድ ገጽ ነው፣ በአማርኛ፣ ፈርሞበታል። ምስክር ግን የለበትም። ቤቱን ለእኔና ለእህቴ፣ የባንኩን ለእህቶቹ እኩል፣ ከሱ ላይ 5,000 ለቤተ ክርስቲያን ይላል። የሲያትሏ አክስቴ "ይሄ ወረቀት እዚህ አገር አይሠራም፣ ሁላችንም እኩል ነን" ትላለች። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ቅደዱትና በሽማግሌ ተካፈሉ አለ። የት ነው የሚኬደው? ምን ይዤ ልሂድ?

ቡና_በጀበና

ነፍስ ይማር ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናችሁ። እኔ የምለው፣ ፍርድ ቤት ለምን ትሄዳላችሁ? ቤቱ ውስጥ ግባና ሞርጌጁን ክፈል። ባንክ ብሩ እስከገባለት ድረስ ማን ሞተ ማን ቀረ ብሎ አይጠይቅም። የማውቀው ሰው አለ፣ ቤቱ እስካሁን በሟች አባቱ ስም ነው፣ ማንም ምንም አላለውም።

ጠበቃ_ያልሆንኩ

@ቡና_በጀበና ምንም የማይሉት እስኪሸጥ ድረስ ነው። ወይ ጣሪያው አፍስሶ ኢንሹራንስ እስኪጠየቅ። ያኔ "ባለቤቱ ማነው?" ሲባል መልስ የለም፣ ከወራሾቹ አንዱ ሞቶ የሱ ልጆች ተጨምረው ጉዳዩ አሥር ሰው ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱን በሥራዬ አይቻለሁ።

@ጨነቀኝ_ከሲልቨር ነፍስ ይማር። መጀመሪያ ወረቀቱን እንዳትነኩት። አትቅደዱ፣ አትጻፉበት፣ ፒን አትምቱበት። ሜሪላንድ ውስጥ የሟች ኑዛዜ እጁ ላይ ያለ ሰው ሳይዘገይ ለኑዛዜ መዝጋቢው ቢሮ የማስረከብ ግዴታ አለበት፣ አውቆ የደበቀ ሰው በጉዳቱ ይጠየቃል። ኑዛዜው ይሥራ አይሥራ የናንተም የአክስትህም ውሳኔ አይደለም። ያንን የሚያየው ፍርድ ቤቱ ነው።

የሚኬደው ሟች ይኖርበት በነበረው ካውንቲ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሞንጎመሪ ካውንቲ ስለሆነ ሮክቪል ትሄዳላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ በ23ቱ ካውንቲና በባልቲሞር ከተማ አንድ አንድ የኑዛዜ መዝጋቢ አለ፣ በየ4 ዓመቱ በሕዝብ የሚመረጥ። ውርስ የሚያየው ፍርድ ቤት ኦርፋንስ ኮርት ይባላል፣ በስሙ አትደናገሩ፣ የሙት ልጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም የሚያየው። ሞንጎመሪና ሃርፈርድ ላይ ደግሞ የሰርኪዩት ፍርድ ቤት ዳኞች ናቸው ያንን ሥራ የሚሠሩት። አብዛኛው ሰው ዳኛ ሳያይ ነው የሚጨርሰው። ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነና የሚቃወም ከሌለ መዝጋቢው ቢሮ ያልቃል። የናንተ ኑዛዜ ግን ጥያቄ ስላለበት ወደ ዳኛ መሄዱ አይቀርም።

ጨነቀኝ_ከሲልቨር

እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ምስክር ስለሌለው ወድቋል ማለት ነው?

ጠበቃ_ያልሆንኩ

ሜሪላንድ ውስጥ ተጽፎ ከሆነ፣ አዎ። እዚህ ኑዛዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ተናዛዡ 18 ዓመት የሞላው ሆኖ ይፈርማል፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርማሉ። በእጅ መጻፉ ችግር የለውም፣ ምስክር አለመኖሩ ነው የሚጥለው። ያለ ምስክር በእጅ የተጻፈ የሚቀበሉት ከአሜሪካ ውጭ ላለ ወታደር ብቻ ነው። አማርኛ መሆኑ ብቻውን አይጥለውም፣ ትርጉም ይቀርባል።

ኑዛዜው ከወደቀ ሕጉ ራሱ ያካፍላል። ሚስት የለም፣ ልጅ የለም፣ ወላጆች የሉም ብለን እንነሳ። ለእህትና ለወንድም ይወርዳል፣ የሞተው ወንድም ድርሻ ለልጆቹ ያልፋል። ሦስት ቦታ ማለት ነው፤ ሲያትል አንድ ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ አንድ ሦስተኛ፣ የአባትህን ሦስተኛ አንተና እህትህ ለሁለት። አክስትህ "እኩል ነን" ስትል ከዚህ ነው የምትነሳው፣ ግን በአራት እኩል አይደለም።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ በጣም አስፈላጊ ነው። ኑዛዜው የት ሆኖ ነው የተጻፈው? ቀንና ቦታ ካለው ንገረን።

አሌክሳንድሪያ22

ወይ ሜሪላንድ! ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ቢኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ ጭንቀት የለም ነበር። እኛ ጋ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ ጽፎ ከፈረመው ያለ ምስክር ይቀበላሉ፣ ጥቅም የሌላቸው ሁለት ሰዎች ቀርበው "ይሄ የሱ የእጅ ጽሑፍ ነው" ካሉ ይበቃል። የምትሄደውም ሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ጋ ነው፣ በቀጠሮ። ከዛ በኋላ ኮሚሽነር ኦፍ አካውንትስ የሚባል ሰው ሒሳቡን ይከታተላል። የውርስ ታክስ የሚባል ነገር የለንም፣ ከ100 ዶላር ላይ 10 ሳንቲም የፕሮቤት (ውርሱን በፍርድ ቤት የማስፈጸም) ታክስና በላዩ የካውንቲው ጭማሪ ነው።

ጨነቀኝ_ከሲልቨር

አሁን አየሁት። ከላይ "አዲስ አበባ፣ ጥር 2012 ዓ.ም." ይላል። ለአያቴ ተዝካር ሄዶ የነበረ ጊዜ ነው። ለውጥ አለው እንዴ?

ጠበቃ_ያልሆንኩ

አለው እንጂ! ከሜሪላንድ ውጭ የተጻፈ ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ ከተፈረመበት፣ የተጻፈበት አገር ሕግ የሚቀበለው ዓይነት ከሆነ ሜሪላንድም ይቀበላል። ወይ የተጻፈበት ቦታ፣ ወይ ተናዛዡ ይኖርበት የነበረው አገር ሕግ፣ ወይ የሜሪላንድ ሕግ፣ ከሦስቱ አንዱ ከተሟላ ይበቃል። ስለዚህ አሁን ጥያቄው የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል የሚለው ሆነ። አዲስ አበባ ያለ የሕግ ሰው ካለ ይግባ።

እና ቀኑን ልብ በሉ። ሮክቪል ያለ ሰው 2012 ሲያይ በፈረንጅ 2012 ነው የሚመስለው። ተርጓሚው 2020 ብሎ መቀየር አለበት፣ ኦሪጅናሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑንም ይጻፍበት።

ሸገር_ፍርድቤት

እዚህ ነኝ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፤ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ፣ በቃል የሚደረግ። በግልጽ የሚደረገው በመደበኛው አራት ምስክር ይፈልጋል። በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረገው ምስክር አይፈልግም። ግን ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍ አለበት፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት፣ ቀንና ፊርማ ይኖረዋል። በሰው እጅ የተጻፈ መስመር ካለበት ችግር ነው። "ይህ ኑዛዜዬ ነው" የሚል ቃል አለበት?

ሌላም አለ። በተናዛዡ ጽሑፍ የተደረገ ኑዛዜ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ይሆናል። ከጥር 2012 ሰባት ዓመቱ ገና አልሞላም፣ ጋሼም ያረፉት ከዛ በፊት ነው። ዕድላችሁ ጥሩ ነው። የዘገየ ስንት አሳዛኝ ጉዳይ አለ መሰላችሁ!

ጨነቀኝ_ከሲልቨር

"ይህ በሕይወቴ ሳለሁ በእጄ የጻፍኩት ኑዛዜ ነው" ብሎ ነው የሚጀምረው። ጽሑፉ ሁሉ የሱ ነው፣ ያንን ጠምዛዛ "ሀ" ማንም ያውቀዋል። ለአክስቴ ስነግራት ግን ጭራሽ ተቆጣች። አስመስለህ የጻፍከው ነው አለችኝ።

ጠበቃ_ያልሆንኩ

መብቷ ነው፣ አትጣላት። ኑዛዜውን መቃወም የሚፈልግ በኑዛዜው መሠረት አጣሪ (የውርሱን ንብረት የሚያስተዳድር ሰው) ከተሾመ ጀምሮ 6 ወር አለው። የድሮ ደብዳቤዎቹን፣ የቼክ ደብተሩን፣ የጻፈበትን ሁሉ ሰብስብ፣ የእጅ ጽሑፍ ለማነጻጸር ይጠቅማል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ለጠበቃ ብር ማውጣት ግን ይገባል። ለሁሉም ሥራ ሳይሆን ለዚህ ለኑዛዜው ጉዳይ ብቻ አናግር፣ በሰዓት የሚሠሩ አሉ። የኢትዮጵያን ሕግ ለዳኛው የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋችኋል፣ የሮክቪል ዳኛ ፍትሐ ብሔራችንን አያውቅም።

ስለ አጣሪው ልንገርህ። ኑዛዜው አጣሪ አልሰየመም መሰለኝ፣ ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ይሾማል። የአዲስ አበባዋ አክስትህ ልትሆን አትችልም። ሜሪላንድ የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነን ሰው አይሾምም፣ ግሪን ካርድ ያለው ሆኖ የሟች የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ካልሆነ በቀር። የሲያትሏ ዜጋ ከሆነች ትችላለች፣ ሜሪላንድ ውስጥ ወረቀት የሚቀበልላት ሰው መሰየም ብቻ ነው የሚጠበቅባት። እሷ ከፈለገች ተውላት። አጣሪ መሆን ሥራ ነው እንጂ ድርሻ አይጨምርም።

ፎርምጠላ

እውነት ነው። እኔ ለእናቴ አጣሪ ነበርኩ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም። ንብረቱን ዘርዝረህ በ3 ወር፣ ሒሳቡን በ9 ወር ታስገባለህ። ጋዜጣ ላይ ለሦስት ተከታታይ ሳምንት ማስታወቂያ ይወጣል፣ ከሟች ላይ ገንዘብ የሚፈልግ ካለ ይምጣ ተብሎ። ከአይአርኤስ (ከፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ለውርሱ የራሱ ቁጥር ታወጣለህ፣ በዛ ቁጥር አዲስ የባንክ ሒሳብ ትከፍታለህ፣ ሁሉም ብር እዛ ውስጥ ይገባል። በሟች ኤቲኤም ብር የሚያወጣ ሰው ካለ አስቁሙት፣ ቡና ለመግዛት እንኳ። ቦንድ የሚባል የአጣሪው ዋስትናም አለ፣ ወራሾች ሁሉ ፈርመው ከተዉልህ ትንሹን ነው የምትከፍለው፣ ካልተዉልህ እንደ ንብረቱ መጠን ይወጣል።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን የስም ጉዳይ ነው። እናቴ ፓስፖርቷ ላይ የአያቴ ስም፣ ግሪን ካርዷ ላይ ሌላ ፊደል፣ የኔ የመጨረሻ ስም የአባቴ። ለፈረንጅ እናትና ልጅ መሆናችንን ማስረዳት! የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ትርጉም፣ የዘመድ ቃለ መሐላ፣ ሁሉንም አምጡ ተባልኩ። አንተም የአባትህና የአጎትህ ወንድማማችነት በወረቀት እንዲታይ አሁኑኑ ጀምር፣ የአያትህ ስም ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን እይ። "ገብረ" እና "ጂብሬ" ብለው ጽፈውት ከሆነ አለቀልህ።

የልጆች_እናት

ይቅርታ ርዕስ ልቀይር ነው። እኔም ሜሪላንድ ነኝ፣ ባለቤቴ ኑዛዜ አይጻፍም ይላል፣ ሟርት ነው ይላል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን፣ እሱ ከድሮ ትዳሩ አንድ ትልቅ ልጅ አለው። እግዜር አያድርገውና አንድ ነገር ቢሆን ሁሉም ለኔ አይደለም?

ጠበቃ_ያልሆንኩ

አይደለም እህቴ። ኑዛዜ ከሌለና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ሚስት ግማሹን ነው የምትወስደው፣ ግማሹ ለልጆቹ እኩል ይካፈላል፣ የድሮው ልጅም እኩል አለበት። ቤቱን ግን ባልና ሚስት ሆናችሁ በሁለታችሁ ስም ከገዛችሁት በቀጥታ ለቀሪው ያልፋል፣ ፕሮቤት ውስጥ አይገባም። ሕይወት ኢንሹራንስም ፎርሙ ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው ነው የሚሄደው። የመሥሪያ ቤት 401ኬ ግን ሚስት በጽሑፍ ካልፈቀደች በቀር ለሚስት ነው። ዲዱን (የቤቱን የባለቤትነት ወረቀት) አውጥተሽ እዪው፣ በሱ ስም ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ አነጋግሪው።

ሸገር_ፍርድቤት

እህቴ፣ አገር ቤት ደግሞ ሌላ ነው። በኛ ሕግ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። የጋራ ንብረቱን ግማሽ ትወስዳለች፣ ያ የራሷ ስለሆነ፣ የሱ ግማሽ ግን ለልጆቹ ነው። እዚህ ንብረት ካላችሁ ይሄንን እያሰባችሁ።

ቡና_በጀበና

ያልተጋቡስ? አሥራ ምናምን ዓመት አብረው የኖሩ ዲሲ ያሉ ጓደኞች አሉኝ፣ ማዘጋጃ ቤት አልሄዱም። እሷ ሚስቱ ነኝ ነው የምትለው፣ ሰውም ሚስቱ ነው የሚላት።

ጠበቃ_ያልሆንኩ

ዲሲ እንደ ባልና ሚስት አብሮ በመኖር የሚመሠረት ትዳርን ይቀበላል፣ ግን ማስረዳት አለባት፣ ሟቹ ቆሞ አይመሰክርላትም። ሜሪላንድ እዚሁ እንዲህ የተመሠረተ ትዳር አይቀበልም፣ ዲሲ ላይ የተመሠረተውን ግን ያከብራል። ኑዛዜ ቢጽፍላት ይሄ ሁሉ ክርክር አይኖርም ነበር።

ጨነቀኝ_ከሲልቨር

401ኬው ላይ ደወልኩ። ፎርሙ ላይ ያለው የድሮ ሚስቱ ስም ነው!! ከተፋቱ በኋላ አልቀየረውም። ኑዛዜው ይለውጠዋል አይደል?

ጠበቃ_ያልሆንኩ

አይለውጠውም። ፍቺ ኑዛዜ ላይ ያለ የድሮ ሚስት ድርሻን ሜሪላንድ ውስጥ ይሰርዛል፣ የመሥሪያ ቤት ጡረታን ግን የፌዴራል ሕግ ነው የሚገዛው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጅ 2001 በኤግልሆፍ ጉዳይ እንዲህ ያለውን የግዛት ሕግ የፌዴራሉ ይበልጠዋል ብሏል። በ2009 ደግሞ ከዱፖንት ኩባንያ ሠራተኛ ጋር በተያያዘ ጉዳይ፣ የድሮ ሚስት በፍቺው ላይ መብቷን ብትተውም እንኳ ፕላኑ የሚከፍለው ፎርሙ ላይ ላለችው ነው ብሏል። የፍቺ ወረቀቱን ግን ለጠበቃው አሳየው፣ መብቷን ትታ ከሆነ ከተከፈላት በኋላ የሚጠየቅ ነገር ሊኖር ይችላል።

አሌክሳንድሪያ22

ይሄን ያነበባችሁ ሁሉ አሁን ተነሱና የራሳችሁን ፎርም እዩ። እኔ አየሁ። የእናቴ ስም ነው ያለው፣ እናቴ ደግሞ የለችም።

የሮክቪሉ

ዘግይቼ መጣሁ፣ ስለ ታክሱ ማንም አላነሳም። ሜሪላንድ በአሜሪካ ውስጥ የኢስቴት ታክስም (ከሟች ጠቅላላ ንብረት ላይ) የውርስ ታክስም (ከየወራሹ ድርሻ ላይ) ያላት ብቸኛዋ ግዛት ነች። የኢስቴቱ ከ5 ሚሊዮን በላይ ላለው ነው፣ እሱን እርሱት። የውርሱ ግን እናንተን ይነካል። ልጅ፣ ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ እህትና ወንድም አይከፍሉም። የወንድም ልጅ ግን 10 ከመቶ ይከፍላል። ለቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ነጻ ነው።

አስሉት። ኑዛዜው ካለፈ ቤቱን ከነዕዳው ነው የምትወስዱት፣ ሞርጌጁ አብሮ ይመጣል። ወጪውን ትቼ 300,000 ቢቀር ለእያንዳንዳችሁ 150,000፣ ታክሱ 15,000፣ በጠቅላላ 30,000። ኑዛዜው ከወደቀ ደግሞ ከቤቱ 50,000 ለየአንዳንዳችሁ ይደርስና 5,000 ትከፍላላችሁ፣ አክስቶችህ ምንም። ቤቱን ሳትሸጡ ልትኖሩበት ካሰባችሁ ያንን ካሽ ከየት እንደምታመጡ አሁን አስቡ።

የቤት ዋጋ በመንግሥት ግምት ማስገባት ይፈቀዳል፣ ግን ገማች ብትከፍሉ ይሻላል። የምትሸጡ ቀን የፌዴራሉ ታክስ የሚሰላው እሱ በገዛበት ሳይሆን በሞተበት ቀን ዋጋ ነው፣ ያንን ቀን የሚያሳይ ደህና ወረቀት ይኑራችሁ።

ጨነቀኝ_ከሲልቨር

ባንኩ ሞርጌጁን ባንዴ ክፈሉ ቢለንስ? እና የቀብሩን ወጪ ያወጣነው እኔና እህቴ ነን፣ አስከሬን መላኪያው ብቻ ራስ ያዞራል።

የሮክቪሉ

ዘመድ በሞት የወረሰውን መኖሪያ ቤት ገብቶ እስከኖረበት ድረስ ባንክ ባንዴ ክፈል ሊለው አይችልም፣ ከፈረንጅ 1982 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል። ወርኃዊውን ግን አታቋርጡ። ኢንሹራንሱ ጋ ደውሉ፣ ባዶ ቤት ላይ ሽፋናቸውን ይቀንሳሉ፣ ክረምት ላይ ቧንቧ ፈንድቶ ሰው የለም ሲሉ ታለቅሳላችሁ።

የቀብር ወጪ ከውርሱ ይመለሳል። ኑዛዜው ካልፈቀደ ወይም ፍርድ ቤት ካልጨመረ ጣሪያው 15,000 ዶላር ነው። ደረሰኝ ያስፈልጋል። እድሩ ወይ ማኅበረሰቡ ያዋጣውን እናንተ ያወጣችሁት አስመስላችሁ እንዳታስገቡ፣ ከኪሳችሁ የወጣውን ብቻ።

ሸገር_ፍርድቤት

እዚህስ ንብረት አላቸው?

ጨነቀኝ_ከሲልቨር

አያት ሰፈር ኮንዶሚኒየም አለው። ኑዛዜው ላይ የለም።

ሸገር_ፍርድቤት

በሉ ለኮንዶሚኒየሙ የሜሪላንዱ አጣሪ ሹመት አይሠራም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለበት አገር ሕግ ነው የሚገዛው። የአዲስ አበባዋ አክስትህ እዚህ ፍርድ ቤት አመልክታ የወራሽነት ማስረጃ ታውጣ፣ እናንተም ወራሽ ስለሆናችሁ ስማችሁ ይግባ። ውክልና ለማን እንደምትሰጡ ግን አስቡበት፣ "ለመሸጥ ለመለወጥ" የሚል ውክልና ሰጥቶ የተጸጸተ ብዙ ነው።

ጨነቀኝ_ከሲልቨር

የሲያትሏ አክስቴ ትመጣለች፣ አብረን እንሂድ ብላለች። አጣሪ የምሆነው እኔ ነኝ አለች፣ እሺ አልኳት። ኑዛዜውን ግን እቃወማለሁ ነው የምትለው። አንድ ሰው ሁለቱንም መሆን ይችላል?

ጠበቃ_ያልሆንኩ

እየተቃወመችው በኑዛዜው አጣሪ ልሁን ካለች ዳኛው ይሄን ያየዋል፣ ብዙ ጊዜ ክርክሩ እስኪያልቅ ንብረቱን የሚጠብቅ ገለልተኛ ሰው ይሾማል። አንተም ጥቅም ስላለህ አንተንም ላይመርጥህ ይችላል። ለማንኛውም ኦሪጅናሉን በፖስታ ሳትልክ በእጅህ ውሰድ፣ ኮፒ ለሁሉም ስጥ፣ የሞት የምስክር ወረቀቱን ማኅተም ያለበት ብዙ ኮፒ አውጣ፣ ባንኩም ኢንሹራንሱም ማኅተም ያለበትን ነው የሚፈልጉት። ተርጓሚው ከወራሾቹ አንዱም ዘመድም እንዳይሆን። የአክስትህ ልጅ በነጻ እተረጉማለሁ ቢልህ እንኳ።